ያልጠበቅነው የዳታ ሒሳብ በስልክ ቢል ላይ ሲመጣ ምን እናድርግ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስልክ ቢል ነው። ርእሱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እዚህ በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ብዙዎቻችን አራትና አምስት መስመር በአንድ ስም አድርገን የቤተሰቡን ሁሉ የምንከፍለው እኛው ነን። የለመድነው ሒሳብ በአንድ ወር ሦስት መቶና አራት መቶ ዶላር ጨምሮ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው የዕቁቡ፣ ቀጥሎ የቤት ኪራዩ፣ በመጨረሻም አገር ቤት ለእናት የሚላከው ገንዘብ ነው። ብዙዎቻችን ግን «ይሄ እንግሊዝኛ፣ ይሄ ጭቅጭቅ ይቅርብኝ» ብለን ዝም ብለን እንከፍላለን።

እኛ የሒሳብ ሰዎች የምንሠራበት አንድ ደንብ አለ፤ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ አይከፈልም። ደረሰኙ ይታያል፣ ቀኑ ይታያል፣ ዋጋው ከውሉ ጋር ይመሳከራል፣ ከዚያ ይፈረማል። በማኅበራችን ገንዘብ ላይ ይህን ሳናደርግ አንዲት ሳንቲም አናወጣም። በቤታችን ገንዘብ ላይም እንዲሁ ብናደርግ ማንም ሊቆጣን አይችልም። ቢል የክፍያ ጥያቄ እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም።

ኩባንያ ይሳሳታል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ አንድ የታወቀ ጉዳይ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2010 የፌዴራል ኮሚኒኬሽን ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኤፍ.ሲ.ሲ. የምንለው መሥሪያ ቤት፣ ቬሪዞን ዋየርለስን መርምሮ ነበር። የዳታ ፓኬጅ ያልገዙ ደንበኞች በየሜጋባይቱ 1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይታሰብባቸው ነበር። ከእነርሱ መካከል ስልኩ ላይ አስቀድሞ የተጫነ ጨዋታ በራሱ ዳታ የጠቀመባቸው፣ ነፃ ነው የተባለ ገጽ በመክፈታቸው የተከፈለባቸው፣ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ሞክረው ሳይሳካላቸው የተቆጠረባቸው ነበሩ። በመጨረሻ ኩባንያው ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጉ ደንበኞች ቢያንስ 52.8 ሚሊዮን ዶላር ሊመልስ፣ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ደግሞ 25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። 52.8 ሚሊዮኑን ለ15 ሚሊዮን ሰው ብታካፍሉት ለአንድ ሰው አራት ዶላር እንኳ አይሞላም። ለአራት ዶላር ማን ይደውላል? በዚህ ምክንያት ነገሩ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። በዚያው ዓመት ኤፍ.ሲ.ሲ. ባደረገው ጥናት ከስድስት የሞባይል ተጠቃሚዎች አንዱ፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ፕላኑን ሳይለውጥ በድንገት ያደገ ቢል ደርሶት ያውቃል። ስለዚህ ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አንዲት እናት አባላችን በጥር ወር ለለቅሶ አገር ቤት ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ልጃቸው ወደ ስልክ ኩባንያው ደውላ ከጥር 14 እስከ 25 ድረስ፣ ለ12 ቀን፣ በቀን 10 ዶላር የሚታሰብ የጉዞ ፓኬጅ አስገባችላቸው። ሲመለሱ ከሐዘናቸው ሳይወጡ የ451 ዶላር ቢል ጠበቃቸው። ወትሮ የሚከፍሉት 65 ነው። ፓኬጁ 120 ነው። የቀረው 266 ዶላር «ዓለም አቀፍ ዳታ» ተብሎ በየሜጋባይቱ 2 ዶላር የታሰበ ነበር። ልጅቷ ስትደውል «እናትሽ ተጠቅመዋል፣ ግን ደንበኛ ስለሆኑ 50 ዶላር እንቀንሳለን» አሏት። እናታችንም «እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ተቀበይ» ብለው ነበር። ልጅቷ ግን ከመቀበሏ በፊት ወረቀቱን ወደ እኛ ይዛ መጣች።

ቢሉን በዝርዝር ስናወጣው 266 ዶላሩ የሦስት ቀን ሆኖ ተገኘ። 204 ዶላሩ በ17ኛውና በ22ኛው ቀን የተመዘገበ ነው፤ ሁለቱም ቀኖች ፓኬጁ በሚሠራበት ጊዜ ውስጥ ናቸው። ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። 62 ዶላሩ ግን ቦሌ እንደወረዱ ስልኩን በከፈቱበት ሰዓት የተቆጠረ ነው። በጥር ወር አዲስ አበባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ያለፈው ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ለእናታችን 14ኛው ቀን ነግቷል፣ ለኩባንያው ግን ገና 13ኛው ቀን ነበር፤ ፓኬጁም አልጀመረም።

ደብዳቤ ጻፍን፣ ለኤፍ.ሲ.ሲ. አቤቱታ አስገባን። በ19ኛው ቀን ከኩባንያው መልስ መጣ፤ 204ቱ ዶላር ተመለሰ። 62ቱን አልመለሱም። እናታችን አዘኑ፤ እኛ ግን ውሉን አንብበን ስለነበር አልገረመንም። ሃምሳውን ተቀብለው ቢሆን ኖሮ 154 ዶላር ይቀርባቸው ነበር። ገንዘቡ የዐርባውን ተዝካር ወጪ በከፊል ሸፈነ።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን በተራ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ሙሉውን ቢል እናውጣ። በፖስታ የሚመጣው የመጀመሪያ ገጽ ድምሩን ብቻ ነው የሚያሳየው። ዝርዝሩ ላይ የትኛው መስመር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሜጋባይት፣ በምን ዋጋ የሚለውን በእስክሪብቶ እናስምር። በኤፍ.ሲ.ሲ. ደንብ መሠረት ቢል ላይ የተጻፈ ክፍያ ምን እንደሆነ ግልጽ በሆነ ቋንቋ መገለጽ አለበት፤ ያልገባንን መጠየቅ መብታችን ነው።

ሁለተኛ፣ ስልኩን እንመርምር። አይፎንም አንድሮይድም የትኛው አፕሊኬሽን ስንት ዳታ እንደወሰደ መዝግበው ያስቀምጣሉ፤ አይፎን በሮሚንግ የተወሰደውን ለብቻው ያሳያል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፎቶ ወደ ማስቀመጫው በራሱ የሚልክ ወይም ቪዲዮ ሳይነካ የሚያጫውት አፕሊኬሽን ነው። አይፎን ላይ ዋይፋይ አሲስት የሚባልም አለ፤ ዋይፋዩ ሲደክም ሳይጠይቀን ወደ ዳታ ያዞራል። ቤት ውስጥ ዋይፋይ እያለን ዳታችን የሚያልቀው አንዳንዴ በዚህ ነው። ይህን መዝገብ ሳናጠፋ ፎቶ አንሥተን እናስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ እንደውል፣ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያናገረንን ሰው ስምና የጉዳዩን ቁጥር እንጻፍ። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በዚያ ቀን የትኛው ፕላን ይሠራ ነበር? ዋጋው ስንት ነበር? ማስጠንቀቂያ መልእክት መቼ ላካችሁ? እ.ኤ.አ. በ2011 ትልልቆቹ የሞባይል ኩባንያዎች ገደብ ሲቃረብና ውጭ አገር ስንገባ በነፃ ማስጠንቀቂያ ለመላክ ተስማምተዋል። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ሳናነበው የምናጠፋ ብዙ ነን። ከእንግዲህ አናጥፋው፤ እርሱም ማስረጃ ነው። ትንሽ ገንዘብ እንቀንስላችሁ ሲሉንም «ይህን ብቀበል ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ሌላም አለ፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ለእናቱ ሲከራከር እንዳናየው። ልጆቻችን ይቅርታ ጠይቀው ስልኩን ይዘጋሉ፤ ጭንቀቱ ግን ይቀርባቸዋል። ሰው ከፈለጋችሁ እኛ አጠገባችሁ እንቀመጣለን።

አራተኛ፣ በጽሑፍ እናድርገው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ የመለያ ቁጥር፣ የምንቃወመው ክፍያ፣ ምክንያቱ፣ የምንጠይቀው ገንዘብ። በሪኮማንዴ፣ እዚህ ሰርቲፋይድ በሚሉት ፖስታ፣ እንላከው፤ ቅጂውን እናስቀር። የማንቃወመውን ክፍል በጊዜው እንክፈል፤ እናታችን 65ቱንና 120ውን በቀኑ ከፍለዋል። ሒሳቡ ከባንክ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት እንነጋገር። ውሎች ለተቃውሞ የጊዜ ገደብ ስላላቸው ቢሉን መሳቢያ ውስጥ አናሳድረው።

አምስተኛ፣ ኩባንያው እንቢ ካለ ለኤፍ.ሲ.ሲ. እናመልክት። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃ አያስፈልገውም። ስልኩ 1-888-225-5322 ነው። አቤቱታው ለኩባንያው ሲተላለፍ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ከዚህ ሌላ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በዲሲም የዋና ዓቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለው።

ስድስተኛ፣ አስቀድመን በክሬዲት ካርድ ከፍለን ከሆነ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ ሕግ ስሕተቱ የወጣበት የካርድ መግለጫ ከተላከ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ እንድንቃወም ይፈቅዳል። ይህ ለዴቢት ካርድ አይሠራም። ዕዳው ወደ ኮሌክሽን ከሄደም አንደንግጥ፤ የሰብሳቢው ማስታወቂያ ከደረሰን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምን ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንናገር። እየተጠየቅን ያለነው ሁሉ ስሕተት አይደለም። ልጁ ሆትስፖት ከፍቶ ሌሊቱን ሲጫወት ካደረ ሒሳቡ የእኛ ነው፤ እንከፍላለን። የማኅበራችንም ስም የሚከበረው እውነተኛውን ብቻ ስንጠይቅ ነው። ወረቀቱን ቀድመን የምንመረምረውም የቱ እንደሚገባን፣ የቱ እንደማይገባን ለይተን ለማወቅ ነው።

ለመንገድ የምትነሡ ደግሞ ይህን አስቡ። ፓኬጁ ከበረራው ቀን ጀምሮ እንዲሠራ ጠይቁ፤ ማረጋገጫውንም በጽሑፍ ላኩልኝ በሉ። አውሮፕላኑ ሳይነሣ ዳታ ሮሚንግ የሚለውን ዝጉ። ቦሌ ስትደርሱ መድረሳችሁን ለመናገር የእንግዳ መቀበያውን ሰው ስልክ ተጠቀሙ፣ ወይም አገር ቤት ሲም ካርድ ግዙ።

ለለጋሾቻችን የምንለው ይህ ነው። ለዚህ ጉዳይ ማኅበሩ ያወጣው የሁለት ምሽት ጊዜና የፖስታ ዋጋ ብቻ ነው። የምትሰጡን ገንዘብ የማተሚያውን ወረቀትና ይህን አዳራሽ ስለሚሸፍን ሥራው የእናንተም ነው።

ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። ያልገባችሁን ቢል፣ ውሉን፣ ስልኩንም ይዛችሁ ኑ። ፖስታውንም አትጣሉት፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ያስፈልገናል።