ስለ ጊታር ክር ውፍረትና ቅጥነት
(የሙዚቃ ክበባችን በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ ያሰማው ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ትልቅ ጉዳይ ለመናገር አይደለም፤ ከሽቦ ስለ ተሠራ ክር ልንነግራችሁ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ነገር ክበባችን አንድ ስሕተት ሠርቷል። ስሕተታችንንም ያወቅነው ነገሩን ዘግይተን ከመረመርን በኋላ ስለ ሆነ፣ ያገኘነውን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክበባችን ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ብቻ ነው። በላዩ የተወጠረውም 12 ቁጥር የሚባለው ወፍራም ክር ነበር። ከእኛ ጋር ትለማመድ የነበረች አንዲት እኅታችን ጣቶቿ ውኃ ቢቋጥሩባት፣ ክሩ በቀጭን እንዲለወጥ ጠየቀችን። እኛም፣ «ቀጭን ክር የሚሰጠው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ታገሺ፣ እጅሽ ይደነድናል» አልናት። ሦስት ሳምንት ታገሠች፤ በአራተኛው ቀረች። ከቀረች በኋላ ነው ከመካከላችን አንዱ፣ «ለመሆኑ ይህን ያልነው ከየት አምጥተን ነው?» ሲል የጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። የክር ውፍረት የሚለካው በኢንች አንድ ሺኛ ነው። 12 ቁጥር ሲባል የመጀመሪያው ክር፣ ማለት ከሁሉ የቀጠነው፣ ውፍረቱ 0.012 ኢንች ወይም 0.3 ሚሊሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ጊታሮች ላይ የሚታዩት ከ9 እስከ 42 እና ከ10 እስከ 46 የሆኑት ናቸው። ልዩነቱ በዐይን የማይለይ የፀጉር ያህል ነው፤ ጣት ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ስሕተታችን በከፊል ከቋንቋችን የመጣ ይመስለናል። በአማርኛ ክሩንም ድምፁንም «ወፍራም» እንላለን። ስለዚህ ወፍራም ክር ወፍራም ድምፅ ይሰጣል ብሎ ማመን ቀላል ነው። ነገር ግን ክራር የሚደረድር ሰው ይህ እውነቱን ሁሉ እንዳልያዘ ያውቃል፤ ያንኑ ክር ሲያጠብቀው ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያላላው ይወፍራል። ማሪን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1636 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉን አስፍሮታል። የክር ድምፅ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፤ በርዝመቱ፣ በክብደቱና በተወጠረበት ኀይል። እንግዲህ ሁለት ክሮች፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ቢሆኑ፣ ወደ አንድ ድምፅ ከተቃኙ ድምፃቸው አንድ ነው። የሚለየው ወፍራሙ ወደዚያ ድምፅ ለመድረስ የሚጠይቀው ኀይል ነው።

ይህ ኀይል ምን ያህል ነው? ላልተጠቀለለ የብረት ክር ውጥረቱ የሚጨምረው በውፍረቱ ካሬ ነው። ስለዚህ ከ9 ወደ 10 ቁጥር ስናልፍ ውጥረቱ በመቶ 23 ያህል፣ ከ9 ወደ 12 ስናልፍ ደግሞ በመቶ 78 ያህል ይጨምራል። ርዝመቱ 25.5 ኢንች በሆነ ጊታር ላይ ባለ 9 ቁጥሩ የመጀመሪያ ክር በ6 ኪሎ ገደማ ሲወጠር፣ ባለ 12 ቁጥሩ ከ10 ኪሎ በላይ ይወጠራል። እኅታችንን «ታገሺ» ያልናት ይህን ሸክም ነበር።

ወፍራም ክር ጥቅም የለውም ማለታችን ግን አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን የሚያገኘው ክሩ በማግኔት ፊት ሲርገበገብ ነው። ወፍራም ክር ለማግኔቱ ብዙ ብረት ስለሚያቀርብ፣ የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ምልክት በመጠኑ ይበረታል። በኀይል ሲመታም ድምፁ በቀላሉ አይዋዥቅም፤ ስለዚህ አጃቢ ሆኖ በኀይል ለሚመታ ሰው ይስማማል። ቀጭኑ ክር በበኩሉ ለግፊት ይታዘዛል። ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ለማድረግና ለማንቀጥቀጥ ይመቻል፤ ነገር ግን ጣት አለልክ ከጫነው ከቅኝቱ ይወጣል። ስለዚህ ቀጭን ክር የሚጠይቀው ጉልበትን ሳይሆን ጥንቃቄን ነው።

ለዚህ አስረጅ የሚሆኑን ኤሲ ዲሲ በተባለው ጓድ አብረው የተጫወቱት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አጃቢው ማልኮልም ያንግ 12 ቁጥር ወፍራም ክር ሲወጥር፣ መሪ ተጫዋቹ አንገስ ያንግ 9 ቁጥር ይወጥር ነበር። በአንድ መድረክ፣ በአንድ ዘፈን፣ እያንዳንዱ እንደ ሥራው መረጠ እንጂ አንዱ ሌላውን ደካማ አላለውም።

«ስቲቪ ሬይ ቮንስ? እርሱ 13 ቁጥር ይወጥር አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ጊታሩን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኝ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ውጥረቱን በመቶ 11 ያህል ይቀንሰዋል፤ ቢሰላ የእርሱ 13 ቁጥር በሙሉ ቅኝት ከተወጠረ 12 ቁጥር ብዙም አይበልጥም።

በተቃራኒው የብላክ ሳባት ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በ1965 በፋብሪካ አደጋ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ አጣ። ግራኝ ስለ ነበር ክሩን የሚጫኑት እነዚያው ጣቶች ነበሩ። ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ቀጭን የጊታር ክር በቀላሉ ስለማይገኝም የባንጆ ክር ወጠረ። በኋላም ቅኝቱን ዝቅ እያደረገ ክሩን አላላው። እንዲህ የተጫወተው ሰው ድምፅ ግን ከሮክ ሙዚቃ ሁሉ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። «ቀጭን ክር ቀጭን ድምፅ» ያልነው እኛ ይህን ስናነብ አፈርን።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን የኤርኒ ቦል ታሪክ ነው። ይህ ሰው በካሊፎርኒያ የጊታር መምህርና ባለ ሱቅ ነበር። ጀማሪ ተማሪዎቹ በተለይ ወፍራሙን ሦስተኛ ክር መጫን ሲያቅታቸው አየ። «ታገሡ» ብሎ አልመለሳቸውም፤ ቀጠን ያለ ስብስብ አሠርቶ በ1962 ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ዓለም እንደ ተራ ነገር የሚቆጥረው ከ10 እስከ 46 ያለው ክር ከዚያ የመጣ ነው። እርሱ ከተማሪዎቹ ጣት ተማረ፤ እኛ ግን በፊታችን የቆመችውን አልሰማንም።

እንግዲህ ምን አደረግን? 12 ቁጥሩን አውርደን 9 ቁጥር ወጠርን። ሥራው ክር በመለወጥ ብቻ አላለቀም፤ ውጥረቱ ሲቀንስ የአንገቱ ጉብጠት ስለሚለወጥ አንገቱን ማስተካከል፣ በድልድዩም ላይ የክሮቹን ርዝመት እንደገና መለካት አስፈለገን። ከዚያ በኋላ አዳመጥን። ልዩነት አለ፤ ግን የማጉያውን ቁልፍ በጥቂቱ ቢያዞሩት የሚጠብ ልዩነት ነው። አንዲት ጓደኛ ማጣት የሚገባው አልነበረም።

ከዛሬ ጀምሮ ክበባችን ሁለት ዐይነት ክር ያስቀምጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታር የሚይዝ ሁሉ የሚጀምረው በቀጭኑ ነው፤ ወፍራሙን የሚፈልግ ደግሞ እጁና ሥራው ሲጠይቁት ይወጥራል። ማንንም በክሩ ቁጥር አንመዝንም።

ያቺ እኅታችን ምናልባት ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለች፣ ይቅርታችንን በሁሉ ፊት እናቀርባለን። ጊታሩ ተቃኝቷል። ሐሙስ ከቀኑ በ11 ሰዓት በሩ ክፍት ነው።