አፈር ይሻላል ወይስ ውኃ?

በኮንዶሚኒየም ቤታችሁ ውስጥ አትክልት ለማብቀል ከቁጠባችን ብድር ለጠየቃችሁ፣ ብሩ ከመውጣቱ በፊት እኛ ሒሳብ የያዝነው የምንለው አለን። ያለ አፈር፣ በማዳበሪያ ውኃ ብቻ የሚበቅል ሰላጣ ቶሎ ይደርሳል፤ እውነት ነው። ግን አብዛኛው መሣሪያ በፓምፕ የሚሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ ውኃው ይቆማል፣ ሥሩ ይታፈናል ወይም ይደርቃል፤ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። የውኃው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 እንዲሆን መለካት አለበት፤ መለኪያውም ማዳበሪያውም ወጪ ነው። አፈር ግን ቻይ ነው፤ አንድ ቀን ውኃ ብትረሱት አይቀየምም። ከሥሩ የተበሳ የዘይት ጀሪካን፣ ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ካለ ቆስጣ ይበቅላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ብድር የምንፈቅደው ለአፈር ነው። እሑድ ጀሪካናችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መብሻውን እኛ እናመጣለን።