አጋሙን አትንቀሉት

አጋም ስሙ የሚነሳው ቁልቋልን ሲያስለቅስ ብቻ ነው። ማሳ ስናሰፋም ገጀራው ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ፍሬው ሲበስል የሚጠቁረው አንቶሲያኒን በሚባል ቀለም ነው፤ ዶቅማንም ያጠቆረው ይኸው ነው። ቀለሙ አንቲኦክሲዳንት ከሚባሉት፣ የሰውነትን ሴሎች ከጉዳት የመከላከል ባሕርይ ካላቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ልጣጩ ላይ በርከት ስለሚል ልጆች አጥበው ከነልጣጩ ይብሉት። ታዲያ መድኃኒት ነው አላልኩም፤ የታመመ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጥሬው ፍሬ ወተት መሰል ፈሳሽ አለው፣ አይበላም፤ ሥሩና ቅጠሉማ መርዝነት ስላላቸው ለልጆች ንገሯቸው።

ዘንድሮ ድንበር ስታጸዱ አጋሙን ከርክሙት እንጂ አትንቀሉት። አጥርም ይሆናችኋል።