የአርትና የሳይንስ ተማሪዎች በአንድነት ስለ መሥራት
(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

በተሰጠኝ አጭር ጊዜ የምናገረው፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክ፣ የሙዚቃና የሥዕል ተማሪዎች ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከባዮሎጂና ከምሕንድስና ተማሪዎች ጋር በአንድ ቡድን ሆነው የፈጠራ ሥራ ስለ መሥራት ነው። ንግግሬ ምክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በመጨረሻ ማኅበራችን የሚወስንበት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመካከላችን ያለው መለያየት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ የዐሥራ ስድስትና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ሆነን፣ «የተፈጥሮ ሳይንስ» እና «የማኅበራዊ ሳይንስ» ተብለን በሁለት በር እንድንገባ ተደርገናል። ከዚያ ቀን በኋላ አንዱ ግጥም ማንበብ ጊዜ ማባከን መሰለው፤ ሌላውም ሒሳብ ከትከሻው ስለ ወረደለት አምላኩን አመሰገነ። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ደግሞ ልዩነቱ በመሬት ላይ ተሠምሮ ጠበቀን። ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ምሕንድስና አምስት ኪሎ፣ ቋንቋና ታሪክ ስድስት ኪሎ፤ የሥነ ጥበብና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም እያንዳንዳቸው በየግቢያቸው። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ነገር ግን ያን መንገድ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ለትምህርት ጉዳይ ሳይሄድበት የሚመረቅ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

በ2008 ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ በታቀደ ጊዜ፣ ቁጥሩ ይብዛ ወይስ ይነስ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔ ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልመለስም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰባው ከሠላሳው ጋር ተገናኝቶ ምን ይሠራል? የሚል ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሲ. ፒ. ስኖው የተባለው እንግሊዛዊ፣ ራሱ የፊዚክስ ሊቅም የልብ ወለድ ደራሲም የነበረ፣ በ1959 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ስለ ሁለት ባህሎች አንሥቶ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሰዎችና የሳይንስ ሰዎች በአንድ አገር፣ በአንድ ማዕድ እየበሉ እርስ በርሳቸው መነጋገር አቅቷቸዋል አለ። የተማሩ የተባሉ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ቢጠይቃቸው በብርድ ፊት እንደ መለሱለት ተናግሯል። ያ ንግግር ብዙ ቁጣና ብዙ ክርክር አስነሣ። እኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ ከኀምሳ ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩትን ልነግራችሁ እወዳለሁ።

በ2009 ክረምት ሰባት የኬምብሪጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ወስደው፣ በዓይን የሚታይ ቀለም እንዲሠራ አደረጉት፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ባክቴሪያው በውኃ ውስጥ ያለውን መርዝ ለይቶ በቀለም እንዲናገር ማድረግ ይቻላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሥራው በላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጥሩ የባዮሎጂ ሥራ ይሆን ነበር። ነገር ግን አሌክሳንድራ ዴዚ ጊንስበርግና ጄምስ ኪንግ የሚባሉ ሁለት የዲዛይን ባለሙያዎች፣ ሥራው ገና በመሠራት ላይ ሳለ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ያልተለመደ ጥያቄ ጠየቁ። ይህ ነገር ከላቦራቶሪ ወጥቶ በሰው ቤት ቢገባ ምን ይመስላል? ማን ይጠቀምበታል? ማን ይፈራዋል? ከጥያቄው የተነሣ፣ ሰው እንደ እርጎ ጠጥቶት በሆድ ውስጥ ያለውን በሽታ በዓይነ ምድር ቀለም የሚያሳውቅ ነገር ቢኖርስ ብለው አሰቡ፤ ናሙናውንም በቀለም ሠርተው በሣጥን አቀረቡት። የሚያስቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚያስብ ያን ያህል የሚያሳይ ሌላ ነገር የለም። ቡድኑ በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተደረገው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ውድድር የመጀመሪያውን ሽልማት ወሰደ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። የዲዛይን ሰዎቹ የተጠሩት ሥራው ካለቀ በኋላ ሽፋኑን እንዲያሳምሩ አይደለም። ጥያቄው ገና ለጋ ሳለ ገቡበት። አብሮ መሥራት ማለት ጥያቄውን አብሮ መጠየቅ ነው፤ የቀረው ሁሉ መላላክ ነው።

በእኛ ዘንድ የተለመደው ግን መላላክ ነው። የምሕንድስና ተማሪው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ «አንተ አማርኛ ትችላለህ፣ ይህን ጽሑፍ አሳምርልኝ» ይላል። የቴአትር ተማሪው ደግሞ መጋረጃው ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው «አንተ ኤሌክትሪክ ታውቃለህ፣ ይህን አምፑል ስቀልልኝ» ይላል። ሁለቱም ተባበርን ብለው ያምናሉ። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውንም ተረት ይጠቅሳሉ። ተረቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚናገረው አንድ ዓይነት ሸክም ስለ መካፈል ነው። ሎሚው ሁሉ ሎሚ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ድርና ማግ ነው፤ ድሩ ብቻውን ክር ነው፣ ማጉም ብቻውን ክር ነው፤ ሸማ የሚሆኑት አንዱ በሌላው ውስጥ ሲያልፍ ነው።

ለዚህ ከገዛ ቤታችን የተሻለ ምስክር አለን፤ እርሱም ፊደላችን ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ እና ቋ ያሉት ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። የጽሕፈት መኪና ግን የተሠራው ለላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ቁልፎቹ አርባ ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢመታ እንኳ መቶ አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ይህን ከባድ ጥያቄ ተቀብለው አማርኛን በመኪና ማጻፍ መቻላቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መኪናው ጠባብ ስለ ነበረ ፊደሉ መቆራረጥ ነበረበት፤ መጀመሪያ ዋናው ፊደል ይመታል፣ ቀጥሎ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ምልክት ይቀጠልበታል። በዚያ መኪና የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ እግሩ የራቀ፣ ቅጥሉ የወለቀ ፊደል ነው። ቁም ጸሐፊ ቢያየው ያዝናል። በዚያ ዘመን ፊደሉ ራሱ ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚል ክርክር በብርቱ የተካሄደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ፊደልን ለመኪና ማስማማት እንጂ መኪናን ለፊደል ማስማማት በቀላሉ የማይቻል መስሎ ነበር።

አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር የሆነውን ተመልከቱ። በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ሁሉ የቁጥር መዝገብ በሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ፣ ፊደሉ አልተቆራረጠም። ሀ ራሱን የቻለ ቁጥር አለው፤ ሁም ሂም እንደዚሁ። ከዚህም በላይ አሰላለፉን ያየ ሰው ይደነቃል። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላለው። ስምንት ለኮምፒዩተር የተመቸ ቁጥር መሆኑን የሒሳብ ተማሪዎች ታውቃላችሁ፤ ሁለት በሁለት በሁለት ነው። ስለዚህ በየኔታ ፊት በእንጨት እየጠቆምን ሀ፣ ሁ፣ ሂ ያልንበት ገበታ፣ ለካስ ለኮምፒዩተርም የተስተካከለ ሠንጠረዥ ኖሯል! ይህንን ለማየት ግን ሁለት ዓይነት ዕውቀት ያስፈልግ ነበር። ካዕብና ሣልስ ምን እንደሆኑ የማያውቅ የኮምፒዩተር ሰው ብቻውን አያየውም፤ ቁጥርን የሚፈራ የቋንቋ ሰውም ብቻውን አያየውም።

አሁን በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልመልስ።

አንዳንዶች «ይህ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆን ነው፤ ፊዚክሱንም ሳያውቁ፣ ግጥሙንም ሳይችሉ መቅረት ነው» ይላሉ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ነገር ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያረፈ ነው። ባለቅኔው ፊዚሲስት ይሁን አላልኩም። እንዲያውም የቡድን ሥራ ሙያውን አጥብቆ የያዘ ሰው ይፈልጋል፤ ድሩ የላላ እንደሆነ ሸማው ይበላሻልና። የሚፈለገው አንዱ የሌላውን ጥያቄ ለመስማት የሚበቃውን ያህል ቃላት ማወቁ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ጊዜ የለንም፤ ፈተናው፣ ውጤቱ» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ በእውነት ላይም መቀለድ አይገባም። በዚህ ነገር መምህራኖቻችንን እንለምናለን። ተማሪው ከሌላ ክፍል ተማሪ ጋር የሠራው ሥራ በራሱ ክፍል እንደ ማሟያ ጽሑፍ ወይም እንደ መመረቂያ ሥራ ሊቈጠርለት የማይችልበት ምክንያት ይታየን። ምክንያቱ የአስተዳደር ልማድ ብቻ ከሆነ፣ ልማድ በስብሰባ ይለወጣል።

እንግዲህ ያሰብኩትን ሐሳብ ላቅርብ። የመጀመሪያው ሥራችን በገና ይሁን እላለሁ። በገና ዐሥር አውታር እንዳለው ሁላችን እናውቃለን፤ በዐቢይ ጾም ያልሰማው የለም። ያ የሚነዝረው ድምፅ፣ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው፣ ከየት ይመጣል? ደርዳሪዎቹ ያውቁታል፤ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ እርስዋ ከቦታዋ ጥቂት ብትነቃነቅ ድምፁ ይጠፋል። የፊዚክስ ተማሪው ደግሞ አውታሩ ያንን ቆዳ እየነካ በተለቀቀ ቍጥር ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች እንደሚወለዱ በኦሲሎስኮፕ ሊያሳየን ይችላል። የያሬድ ተማሪ ቅኝቱን ያውቃል፤ የአማርኛ ተማሪ የመዝሙሩን ቃል፣ ድምፁ ለምን ለሐዘንና ለጸሎት እንደ ተመረጠ ይመረምራል፤ የሥዕል ተማሪ የማይታየውን ንዝረት እንዲታይ ያደርጋል። «በገና ለምን ያለቅሳል?» የሚለው ጥያቄ የማንኛችንም ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ የሁላችን ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሥራ ሦስት ደንብ ይበቃል። አንደኛ፣ ጥያቄው የሚጻፍበት ቀን ሁሉም ተገኝቶ ይጻፍ፤ በዚያ ቀን ያልነበረ ኋላ ለማሳመር አይጠራ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ከሙያው ሃያ ቃላት መርጦ፣ እንግሊዝኛውን ትቶ ለጓደኞቹ በአማርኛ ያስረዳ፤ ማስረዳት ያቃተው ቃል እርሱ ራሱ ያልገባው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ የሁሉም ስም በፊደል ተራ ይጻፍ፤ «በእገሌ እርዳታ» የሚባል መስመር አይኑር።

ማኅበሩ እንዲወስን የምጠይቀውም ይኸው ነው፤ በሳምንት አንድ ማታ አንድ ክፍል፣ ለቆዳና ለሽቦ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻም ሥራው ለሕዝብ የሚታይበት አንድ ምሽት። ከዚህ የሚበልጥ አልጠይቅም። ይህ ካልተሳካ ብዙ አልከሰርንም፤ ከተሳካ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚህ አዳራሽ ያለነው በየወረዳው እንበተናለን። አንዱ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ አንዱ ትምህርት ቤት ያስተዳድራል፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ይገባል፣ አንዱ ጋዜጣ ይጽፋል። የጉድጓዱ መሐንዲስ የመንደሩን ሽማግሌዎች ቋንቋ ካልሰማ፣ ፓምፑ በተበላሸ ማግሥት ሴቶቹ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ጋዜጠኛው የቁጥር ነገር ካልገባው፣ የወረርሽኙን ወሬ አጋንኖ ወይም አሳንሶ ይጽፋል። ያን ጊዜ መነጋገር እንጀምር ብንል ይዘገያል። እዚህ፣ ስሕተት ሰውን በማይጎዳበት ቦታ፣ አንድ በገና መካከላችን አስቀምጠን ብንለማመድ ይሻላል።

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ጓደኞቼ፣ መንገዱ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሐሳቤን በድምፅ እንድትወስኑበት ለሰብሳቢው አስረክባለሁ።