የኮምፓይለር ጥራት በምን ይመዘናል?



ዛሬ የምናገርበት ርእስ በየዕለቱ የምንገለገልበት፣ ነገር ግን እምብዛም የማንመረምረው መሣሪያ ነው። ይኸውም ሰው በፕሮግራም ቋንቋ የጻፈውን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ተርጓሚ፣ ኮምፓይለር ነው። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የሲሚንቶውን ጥራት ሳያስመረምር ሥራውን አይጀምርም። እኛ ግን የባንክ ሒሳብም ሆነ የሆስፒታል መሣሪያ የሚመራበትን ፕሮግራም ለተርጓሚው አስረክበን፣ የመለሰልንን ሁሉ አምነን እንቀበላለን። እምነቱ ምን ያህል ተገቢ እንደ ሆነ ለመመርመር ጂ.ሲ.ሲ. የተባለውን ኮምፓይለር በምሳሌነት መርጫለሁ።

ጂ.ሲ.ሲ.ን ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣው የሲ ቋንቋ ተርጓሚ ነበር። ዛሬ ሲ ፕላስ ፕላስን፣ ፎርትራንን፣ አዳንና ሌሎችንም ይተረጉማል።

ከጠንካራ ጎኖቹ አንደኛው የሚያገለግላቸው የማሽን ዓይነቶች ብዛት ነው። አሠራሩ በሦስት ይከፈላል፤ የፊተኛው ክፍል ቋንቋውን ያነባል፣ መካከለኛው የተነበበውን ያሻሽላል፣ የኋለኛው ለተወሰነው ማሽን ትእዛዝ ይጽፋል። ስለዚህ አዲስ ማሽን ሲመጣ በአብዛኛው የሚጻፈው የኋለኛው ክፍል ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚያወጣው ፕሮግራም ፍጥነት ነው። በድግግሞሽ ውስጥ ውጤቱ የማይለወጥ ስሌት ቢያገኝ ከድግግሞሹ አውጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰላዋል፤ ጥቅም የሌለውንም ትእዛዝ ይሰርዛል። ሦስተኛው፣ የራሱ የምንጭ ጽሑፍ ለማንም ክፍት በመሆኑ ተማሪም ሆነ መሐንዲስ አንብቦ ሊማርበትና ሊያርመው መቻሉ ነው።

ወደ ደካማ ጎኖቹ ስንመለስ፣ የማሻሻያው ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር ትርጉሙ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል። የስሕተት መልእክቶቹም ለብዙ ዘመን ጀማሪውን ግራ የሚያጋቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ክፍት የሆነው ተፎካካሪው ክላንግ ስሕተቱ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ በምልክት እያመለከተ ማሳየቱ ተወደደለት፤ ጂ.ሲ.ሲ.ም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 4.8 እትሙ ይህንኑ ማድረግ ጀመረ። ፉክክር ለሙያው የሚበጅ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አንድ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። ጸሐፊው በአንድ ፖይንተር ከተገለገለ በኋላ፣ ፖይንተሩ ባዶ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ መስመር አስከትሎ ነበር። ባዶ ፖይንተርን መጠቀም በሲ ቋንቋ ደንብ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ፣ «አስቀድሞ ስለ ተጠቀመበት ባዶ ሊሆን አይችልም» በሚል አመክንዮ ማጣሪያውን ትርፍ ነው ብሎ ሰረዘው። በዚህም ምክንያት የጥበቃው መስመር በምንጩ ጽሑፍ ላይ እየተነበበ፣ በማሽኑ ውስጥ ግን አልነበረም።

ጥፋቱ የማን ነው? የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ያዛባው ሰው ነው፤ ኮምፓይለሩም ከቋንቋው ደንብ አልወጣም። በእኔ አስተያየት ግን ደንብን መጠበቅ ብቻውን ለጥሩ ተርጓሚ በቂ አይደለም። የጥበቃ ቃል ሰርዞ ዝም የሚል አስተርጓሚ በፍርድ ሸንጎ ፊት ቢቆም ማን ያመሰግነዋል? የከርነሉ አዘጋጆችም ይህን ዓይነቱን ስረዛ የሚከለክለውን አማራጭ መጠቀም ጀመሩ።

ይህ በጂ.ሲ.ሲ. ብቻ የሚሳበብ ድካም አይደለም። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ በተባለ የፈተና ፕሮግራም የተለያዩ የሲ ኮምፓይለሮችን መርምረው፣ ከ325 የሚበልጡ ያልታወቁ ስሕተቶች ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 አስታውቀዋል። ከፈተኗቸው ኮምፓይለሮች መካከል ትክክለኛ ጽሑፍ ተሰጥቶት፣ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳያሰማ የተሳሳተ ትእዛዝ ያላወጣ አልነበረም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ጂ.ሲ.ሲ. በስፋቱ፣ በፍጥነቱና በክፍትነቱ ሊመሰገን የሚገባው መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ያለ ቁጥጥር የሚታመን አይደለም። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ መልእክቶችን ሁሉ አንቀስቅሰን እናንብብ። ፕሮግራሙን ለደንበኛ በምናስረክብበት የማሻሻያ ደረጃ እንፈትነው፤ ያለ ማሻሻያ የተፈተነ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ነውና። በተቻለ መጠን አንዱን ጽሑፍ በሁለት ኮምፓይለሮች አስተርጉመን ውጤቱን እናወዳድር። ፍጥነት በማያስፈልግበት ሥራ ላይ ከፍተኛውን ደረጃ መምረጥም ሳይቸግር ጤፍ ብድር መሆኑን እናስታውስ።

ተርጓሚው ማሽን ነው፤ ለሥራው ውጤት በኃላፊነት የሚጠየቀው ግን መሐንዲሱ ነው።