የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ማራቶን ልምምድሽ ንገሪን» ሲሉኝ ሳቅሁ። የክፍሌ ልጆች ምስክር ናቸው፤ ተማሪ ሳለሁ ፈተና አርፍጄ እንኳ ሮጬ አላውቅም። ደግሞስ አገሩ የአበበ ቢቂላ፣ የማሞ ወልዴና የፋጡማ ሮባ አገር ነው። በ4 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የገባች የሕፃናት ሐኪም ስለ ማራቶን ምን ትላለች? ስለዚህ ስለ ሩጫው ብዙ አልናገርም። የምናገረው ከሩጫው በፊት ስላሉት ሦስት ሳምንታት ነው። እነሱን አንድ ጊዜ አበላሽቻቸዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተምሬባቸዋለሁ።

የምኖረው የካ ነው። መሮጥ የጀመርኩት 40 ዓመት እንደሞላኝ፣ የገዛ ራሴን የደም ግፊት ለክቼ ቁጥሩን ስላልወደድኩት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ወደ እንጦጦ የምንወጣ ጥቂት ሰዎች ነን። አሠልጣኛችን የቀድሞ ሯጭ ነው፤ ጅብ አለ ብሎ ሳይነጋ ጫካ አያስገባንም። ላይ ስንደርስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በነሐሴ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሐል አይወጣም፣ ትንፋሽ ደግሞ የለም።

የተመዘገብኩት በርሊን ነበር። የበርሊን ማራቶን በመስከረም አጋማሽ ስለሚውል፣ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከነሐሴ መጨረሻ፣ ከጳጉሜንና ከእንቁጣጣሽ ጋር ይገጥማሉ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደብተሬን ገልጬ ስደምር፣ በአዳር ተረኝነት ምክንያት ሁለት ረጅም ልምምዶች ጎድለውብኛል። ተደናገጥኩ። ያኔ ያደረግሁትን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ለፈተና ሁለት ቀን ሲቀረን ሁላችንም እናደርገው ነበር። ያመለጠኝን በሙሉ በአንዴ ልተካ ተነሳሁ።

አንድ ሌሊት ዎርድ አድሬ፣ ጠዋትም ሥራ ሸፍኜ፣ ለአንድ ሕፃን መድኃኒት አዘዝኩ። ነጥቧን ያለቦታዋ አስቀምጫት ኖሯል። ሲስተር ካርዱን ይዛ መጣችና ቀስ ብላ፣ «ዶክተር፣ ይሄን ቁጥር አንዴ ያዩልኛል?» አለችኝ። አየሁት። መጠኑ አሥር እጥፍ ነበር። መድኃኒቱ ገና አልተሰጠም፤ ሕፃኑ ምንም አልሆነም። እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጤ ብቻውን ሊያስተኛኝ ይገባ ነበር አይደል? በማግስቱ ንጋት ግን እንጦጦ ላይ 30 ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደገምኩት።

በአምስተኛው ቀን ቅልጥሜ ላይ በአንድ ጣት ልጠቁመው የምችል ሕመም ጀመረኝ። ታካሚ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምለው አውቃለሁ። ለራሴ ግን ማስታገሻ ዋጥኩና ቀጠልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ምርመራው የአጥንት ስንጥቅ መሆኑን ሲያሳይ ከማንም በላይ ያፈርኩት እኔው ነበርኩ። የዚያን ዓመት በርሊንን ያየሁት እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ በቴሌቪዥን ነው። ቀድሞ የ800 ሜትር ሯጭ የነበረችው ትዕግሥት አሰፋ በ2:15:37 አሸነፈች። አለቀስኩ፤ ግማሹ የደስታ ነው።

ሳገግም አሠልጣኛችን አልተቆጣኝም። «ዶክተርዬ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ማረስ ምን ይጠቅማል?» ብቻ አለኝ።

ነገሩ ሳይንስም ነው። ከባድ ልምምድ ድካሙን የሚሰጠን ዛሬ ነው፤ ጥቅሙ ግን ሰውነት ውስጥ እስኪገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። አጥንት ሲታደስ መጀመሪያ አሮጌው ይነሳል፣ አዲሱ የሚሞላው ዘግይቶ ነው፤ በመሐሉ ደካማ ጊዜ አለ። እኔ በሦስት ቀን ሁለቴ የደበደብኩት እሱን ነው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የሚመከረው ርቀቱን ደረጃ በደረጃ እስከ ግማሽ ድረስ መቀነስ፣ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን ግን አለመተው ነው። በነዚያ ቀናት አዲስ ጉልበት አይገኝም፤ ያለውን ማባከን ግን ይቻላል።

ይህን ሳስብ አበበ ቢቂላ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆኖም በ2:12:11 የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዝግቦ፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ ከዚያም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ቀዶ ሕክምናው አሸነፈለት አልልም፤ ማንም እንዳይሞክረው! የምለው፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ጉልበት በጥቂት ቀን እረፍት እንደማይተን ነው።

በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተመዘገብኩ። ነሐሴ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ልክ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር እሮጥ የነበርኩት ወደ 40፣ ቀጥሎ ወደ 25 ወረድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከ30 ኪሎ ሜትሩ ይልቅ ይሄ ከበደኝ። እግሬ ሥራ ፈት ሆነ፣ ሌሊት እየነቃሁ ያልነበረ ሕመም ፈለግሁ። አንድ ጠዋት በዝግታ ስወጣ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች አየሁ። ለዓመታት አጠገባቸው አልፌ አስተውዬ አላውቅም ነበር። ቁልቁለቱ ከመክበዱ በፊት ሸክማቸውን ከዳገቱ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆም ይላሉ። አንዷን «እማማ፣ ደከመዎት?» ብላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ሳይደክመኝ ነው የማርፈው፤ ከደከመኝማ መነሻም የለኝ» አሉኝ። እኔ ወድጄ ነው የምሮጠው፤ እሳቸው ለእንጀራ ነው የሚወርዱት። ቢሆንም ትምህርቱን ከእሳቸው ወሰድኩ።

እንቁጣጣሽ ውድድሩ 12 ቀን ሲቀረው ዋለ። እናቴ «ምነው ከሳሽ?» ብላ ዶሮ ወጡን ደራረበችልኝ፤ በላሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ግን ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦና ከአገር የያዝኩት በሶ ነበር ምግቤ። ማስታገሻ አልነካሁም፤ ለኩላሊት አደጋ ነውና። ውኃም ከጥማቴ በላይ አልጠጣሁም፤ ብዙ ውኃ የደምን ሶዲየም እንደሚያወርድ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በ2:11:53 የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እሷ ስትጨርስ እኔ ገና ከሩቡ መንገድ ብዙም አልራቅሁም ነበር። ግን መነሻው ላይ ሳልታመም፣ ተኝቼ፣ ጤነኛ ሆኜ ቆሜአለሁ። መጨረሻውም ላይ እንደዚያው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ይህ ቤት ብዙ አስተምሮናል። አለመተኛትን ግን እንደ ጀግንነት ያየነውም እዚሁ ነው። «እኛ ሦስት ቀን ሳንተኛ እንሠራ ነበር» እያልን ለሬዚደንቶቻችን በኩራት እንነግራለን፤ እኔም ብያለሁ። ያቺ ነጥብ ግን ያለቦታዋ የተቀመጠችው እውቀት ስላነሰኝ አይደለም። ሲስተር ባትጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ የምነግራችሁ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ ስለ ታካሚው ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ካርዱን የያዘውን ልጅ መቼ እንደተኛ ጠይቁት። መልሱን ከሰማችሁም በኋላ የምታደርጉት ነገር ይኑር፤ አዳሩን የሚሸፍን ሰው ፈልጉለት፣ ካልተገኘ ራሳችሁ ሸፍኑለት። እኔ በምሠራበት ክፍል ጀምረነዋል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ግን ጀምረነዋል።

መሮጥ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንገናኝ። አዳር ሠርቶ የመጣ ሰው ግን ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን።