ስለ መክሳትና ስለ መወፈር ለቀረበልን ጥያቄ የተሰጠ መልስ



«ውፍረት እንዴት ይቀነሳል?» ስትሉ ጠይቃችሁናል። ካሎሪ ማለት ምግብ የሚሰጠን ጉልበት መለኪያ ነው። 1 ግራም ዘይት 9፣ 1 ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ይሰጣል። በሥራ ያላለቀው ስብ ሆኖ ይከማቻል። እንግዲህ ውፍረት የበዛበት ሰው ዘይቱን፣ ስኳሩንና ጠላውን ይቀንስ እንጂ ሽሮውንና ጎመኑን አይተው። ተቀምጦ የሚውል በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ፤ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም የምትውል እናት ግን ሌላ ስፖርት ምን ያደርግላታል? ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናትማ ምግብ ትጨምር እንጂ አትቀንስ።

ሳይፈልጉት መክሳት ግን የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና አትናቁት። የከሳና ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ ብርቱ የምግብ እጥረት ነውና ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ልጅ የበላው በተቅማጥ ከወጣ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ከመጸዳጃ መልስ፣ ልጅ ካጸዳችሁ በኋላ፣ ምግብ ከመንካታችሁም በፊት እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋም በአመድ ታጠቡ።